ራሱን የሚቆልፍ የቱቦ ስፌት



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምድጃ ጭስ ማውጫ ቱቦ ነው። ከቱቦውም ስለ ስፌቱ እንነጋገራለን። ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ የምትከታተሉ ሁሉ እርሳስ፣ ማስመሪያና አንድ ጠንከር ያለ ወረቀት አዘጋጁ። ያረጀ የደብተር ሽፋን ቢገኝ ይበልጥ ይስማማል።

«ስፌት የልብስ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። የላሜራም ስፌት አለው። ጠፍጣፋው ላሜራ ተጠቅልሎ ቱቦ ሲሆን፣ ሁለቱ ጠርዞች የሚገናኙበት መስመር ስፌቱ ነው። ልብስ በስፌቱ ቢተረተር ገላ ይታያል፤ ቱቦ በስፌቱ ቢተረተር ግን ጭሱ ቤት ውስጥ ይቀራል። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ደረት ያውካል፣ ግድግዳ ያጠቁራል። ይህ እንግዲህ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየውና የማይሸተው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። እንጨትም ሆነ ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይህ ጋዝ ይፈጠራል፤ ወደ ሳንባ ሲገባም ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ከዚያም አይነሣም። «ከሰል አፈናቸው» ሲባል የምንሰማው ሞት ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ስፌቱን ሲያጥፍ የሰው ሕይወት በእጁ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጉዳዩ በተለይ ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ሰዎች የቀረበ ነው። በድሮው ካዛንቺስ ማድ ቤት ማለት ብዙውን ጊዜ ከመኖሪያው ተለይቶ በጓሮ የቆመ፣ በቆርቆሮና በጣውላ የተገጣጠመ ቤት ነበር። ቀዳዳው ብዙ ነውና ጭሱ መውጫ አያጣም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር፣ ብዙውም ወደ ብሎኬትና ሲሚንቶ ቤት ገባ። የሲሚንቶ ግድግዳ ብርድ አያስገባም፤ ጭስም አያስወጣም። መብራት ሲጠፋ ከሰሉን ወደ ቤት ይዞ መግባት የድሮ ልማድ ነው፤ ቤቱ ግን የድሮው ቤት አይደለም። እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ የሚተዳደሩ እናቶችም በእንጨት ወይም በሰጋቱራ የሚነድ ምድጃቸውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተከሉ ቱቦ ግዴታቸው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ጣልያን አገራችንን ወሮ በቆየበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የመጣ ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው የጣልያን ድርጅት ስም ሲያጥር ነው። ቆርቆሮ ሠሪው በየቀኑ የሚጠራቸው ላሜራ፣ ቱቦ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ሰጋቱራም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ወራሪው ሲወጣ ቃሉ እኛ ዘንድ ቀረ፤ ዛሬ የእኛው ነው።

አሁን ወደ ስፌቱ እንመለስ። የላሜራ ጠርዞችን ለማያያዝ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው መበየድ ነው። ስስ ላሜራ ግን በኤሌክትሪክ ብየዳ ቶሎ ይበሳል፤ ለዚያውም መብራትና መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለተኛው በእርሳስ ቅይጥ ማጣበቅ ነው። ይህ ለውኃ ዕቃ ይሆናል እንጂ ለምድጃ አይሆንም፤ ቅይጡ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ እሳቱ ራሱ ይፈታዋል። ሦስተኛው ላሜራውን በላሜራው ማሰር፣ ማለትም ማጠፍ ነው። ለጭስ ማውጫ ቱቦ የሚበጀው ይህ ነው።

ተራውን እጥፍ ስፌት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ጠርዝ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ይታጠፍና እንደ ሁለት የተቆላለፉ ጣቶች ይያያዛሉ፤ ከዚያ በመዶሻ ይደፈጠጣሉ። ለዚህ ስፌት የሚጨመረው ላሜራ የስፌቱ ስፋት ሦስት እጥፍ ነው። ስፌቱ 6 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ 18 ሚሊ ሜትር ይጨመራል ማለት ነው። ጠንካራ ስፌት ነው፤ አልነቅፈውም። ችግሩ ቱቦው ሱቅ ውስጥ ተቀጥቅጦ ማለቅ አለበት። ያለቀ ቱቦ ደግሞ ቦታ ይፈጃል። ዐሥር ቱቦ በታክሲ መጫን አየር መጫን ነው!

ራሱን የሚቆልፈው ስፌት ይህን ችግር ያቃልላል። በአሜሪካ የቱቦ ሠሪዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በዓይነት በዓይነቱ እየፈለሰፉ የባለቤትነት መብት ሲያስመዘግቡበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ላሜራው ጠርዙ ተዘጋጅቶ፣ ገና ሳይዘጋ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎበጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተደራረበ ዐሥሩ የአንዱን ቦታ ይይዛል። ከደንበኛው ቤት ሲደርስ በእጅ ጭምቅ ሲያደርጉት «ጠቅ» ብሎ ይዘጋል። መዶሻ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም። የሚፈልገው ግን አንድ ነገር አለ፤ ልኩ አስቀድሞ በወረቀት ላይ መሠራት አለበት። ተራውን ስፌት ትንሽ ብታበላሹት መዶሻ ይሸፍንላችኋል። ይኸኛውን የሚሸፍን የለም፤ በ2 ሚሊ ሜትር ከሳታችሁ አይቆልፍም።

እስቲ ወረቀቱን አንሡ። ወረቀቱ ላሜራ ነው እንበል። ወደ ላይ ያለው ፊት የቱቦው ውጭ፣ ወደ ታች ያለው የቱቦው ውስጥ ይሆናል። በቀኝ ጠርዝ በኩል ኪስ እንሠራለን፤ በግራ ጠርዝ በኩል ደግሞ ኪሱ ውስጥ የሚገባ ምላስ እንሠራለን።

ከቀኝ ጠርዝ ተነሥታችሁ በ4፣ በ16 እና በ28 ሚሊ ሜትር ላይ ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች አስምሩ። መጀመሪያ በ4ኛው መስመር ጠርዙን ወደ ውስጠኛው ፊት እጠፉት፤ ግን አትደፍጥጡት፣ ከፈት ብሎ ይቅር። ይህ የኪሱ ከንፈር ነው። ቀጥሎ በ16ኛው መስመር አሁንም ወደ ውስጠኛው ፊት እጠፉ፤ ከንፈሩ በሁለቱ ንብርብር መካከል ይሆናል። በመጨረሻም በ28ኛው መስመር ይህን የታጠፈ ሁሉ ወደ ውጭው ፊት መልሱት። አሁን ከጎን ብታዩት ወረቀቱ ሦስት ንብርብር ሆኖ በላይኛውና በመካከለኛው መካከል፣ አፉ ወደ ቀኝ የተከፈተ ኪስ ይታያችኋል። ጥልቀቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው።

በግራ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ለኩና ወደ ውጭው ፊት እጠፉ። ይህም አይደፈጠጥም፤ ከፈት ይበል። ምላሱ ይህ ነው። እንግዲህ ወረቀቱን ጠቅልሉና ምላሱን ወደ ኪሱ ግፉት። ሲገባ እጥፋቱ ይጨመቃል፤ ከከንፈሩ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይከፈታል። ያን ጊዜ የምላሱ ጫፍና የከንፈሩ ጫፍ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ብትስቡት አይወጣም። የገብስ ዛላ እጅጌ ውስጥ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጢሙ ምክንያት ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። የዚህ ስፌት ብልሃት ያው ነው።

ጭሱስ? ጭሱ በስፌቱ ለመውጣት ቢፈልግ ከምላሱ ሥር ገብቶ እስከ ኪሱ ጫፍ መሄድ፣ እዚያ ዞሮ መመለስ፣ ከዚያ በሁለቱ እጥፋቶች መካከል ሾልኮ ማለፍ አለበት። ቱቦው ወደ ላይ በደንብ የሚስብ ከሆነ ይህን ያህል አይደክምም፤ ክፍት መንገድ ከላይ እያለው በሽንቁር አይሄድም።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። የቱቦው አግድም ስፋት፣ ማለትም ዲያሜትሩ 14 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዙሪያውን ለማግኘት በ22 አባዝተን ለ7 እናካፍላለን። 14 ሲባዛ በ22፣ 308 ይሆናል፤ 308 ሲካፈል ለ7፣ 44 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 440 ሚሊ ሜትር። በዚህ ላይ ምላሱ ኪሱ ውስጥ የሚደራረብበት 12፣ ለምላሱ እጥፋት 5፣ ለኪሱ ሁለት ንብርብር 24፣ ለከንፈሩ 4 እንጨምራለን። ተጨማሪው በድምሩ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የምንቆርጠው ላሜራ 485 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ይህን ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉት። የቱቦው ስፋት ቢለወጥ ዙሪያው ይለወጣል እንጂ 45ቱ አይለወጥም።

ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፤ ስፌቱን ስፌት የሚያሰኘው እሱ ነው። ኪሱ 12 ነው። ምላሱ 5፣ ከንፈሩ 4 ይዟል፤ በአንድነት 9። የሚቀረው 3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ 3 ሚሊ ሜትር ምላሱ ከከንፈሩ አልፎ እንዲከፈት የሚያስችለው መፈናፈኛ ነው። መፈናፈኛው ባይኖር ምላሱ አልፎ ሊከፈት አይችልም፤ ቱቦው እንደ ተዘጋ መስሎ ይቆይና ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ይፈታል። መፈናፈኛው በጣም ቢበዛ ደግሞ ቱቦው ይላላል። 3 ሚሊ ሜትር ዙሪያውን ቢያሰፋ ዲያሜትሩ የሚጨምረው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ አይጎዳም። 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ዲያሜትሩ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋና አንዱ ቱቦ በሌላው ላይ ሲሰካ ይንቀጫቀጫል።

በማታ ትምህርት የማውቃቸው አንድ ጋሼ ቆርቆሮ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ ስሠራ፣ «መምህር፣ እጄ ያውቀው የለም እንዴ? ምን ያስጽፈኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እጃቸው ያውቃል። እጅ የሚያውቀው ግን የለመደውን መጠን ነው። ደንበኛ መጥቶ ያልለመዱትን ስፋት ሲያዝ ሁለት ሦስት ላሜራ አበላሽቶ መማር ይመጣል፤ ላሜራ ደግሞ ዛሬ ዋጋው የሚቀለድበት አይደለም። «እንግዲያው ጋሼ፣ የ15ቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሣቁና እርሳሱን አነሡ።

የ15ቱን እኛም እንሥራው። 15 በ22 ተባዝቶ ለ7 ሲካፈል 47 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 471 ላይ 45 ሲጨመር 516 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ላሜራ ገዝታችኋል እንበል። ባለ 14 ሴንቲ ሜትሩን ቱቦ ስትሠሩ ከ2 ሜትሩ ባለ 485 አራት ቁራጭ ይወጣል፤ 1,940 ሚሊ ሜትር ይፈጃል፣ 60 ይተርፋል። ከአንዱ ላሜራ 4 ሜትር ቱቦ አገኛችሁ ማለት ነው። ባለ 15ቱን ስትሠሩ ግን አራት ቁራጭ 2,064 ስለሚሆን አይበቃም፤ ሦስት ብቻ ይወጣል። የቀረውም ጠባብ ስለሆነ ለዚያው ቱቦ አይሆንም። በአንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሜትር ቱቦ ጠፋ። ይህን ከመቀሱ በፊት የሚነግራችሁ እርሳስ ብቻ ነው።

ስለ አሠራሩ በአጭሩ ልናገር። እጥፋቶቹ ሁሉ የሚሠሩት ላሜራው ጠፍጣፋ ሳለ ነው፤ መጠቅለሉ ኋላ ይመጣል። ማጠፊያ ማሽን ከሌለ ሁለት ቀጥ ያሉ አንግል ብረቶች ሞርሳ ላይ አስሮ ላሜራውን በመካከላቸው መያዝና በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ማጠፍ ይቻላል። የብረት መዶሻ ጠርዙን ያስረዝመዋል፤ ያን ጊዜ ስፌቱ እንደ ማዕበል ይሆናል። ኪሱ ሲታጠፍ እንዳይደፈን፣ ምላሱ የሚይዘውን ውፍረት ያህል ቁራጭ ላሜራ ድርብ አድርጋችሁ በመካከሉ አስገቡ፤ ስትጨርሱ ጎትታችሁ አውጡት። በአንዱ የቱቦው ጫፍ ላይ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከኪሱ ንብርብር ላይ በመቀስ ቀንሱለት። አለበለዚያ ያ ጫፍ ከሌላው ቱቦ ውስጥ አይገባም። ይኸው ጫፍ በፒንሳ ዙሪያውን ሽብሽብ ይደረጋል።

የላሜራው ዓይነትም መታወቅ አለበት። ለጣሪያ የሚሸጠው ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ድርቅ ያለ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ቁጥሩንም ማንበብ ልመዱ። በጌጅ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 32ቱ ከባለ 28ቱ የሳሳ ነው። ይህን ባለማወቅ «ትልቁን ቁጥር ስጠኝ» ብሎ የሳሳውን የሚገዛ አለ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ደግሞ ከምድጃው አንገት አጠገብ አይገባም። ዚንክ በ420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ እጅግ ሲግልም የሚወጣው ጢስ ሰውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ከምድጃው ጋር የሚያያዘው የመጀመሪያው ቱቦ ጥቁር ላሜራ ይሁን። የዚያን ቱቦ ስፌት እኔ ብሆን ተራውን እጥፍ አደርገዋለሁ። ራሱን የሚቆልፈው ስፌት የሚይዘው በላሜራው መንጠር ነውና፣ ብረት እየጋለ ሲኖር መንጠሩን ያጣል። ከዚያ በላይ ያሉት ግን ራሳቸውን ይቆልፉ፤ ሥራው ይቀላል። የአሮጌ በርሜል ብረት የምትጠቀሙ ካላችሁ በርሜሉ ምን ይዞ እንደ ነበር ሳታውቁ አትንኩት።

ሲተከልስ? የተሸበሸበው ጫፍ ወደ ታች፣ ወደ ምድጃው ነው የሚሰካው። ብዙዎች ጭሱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ሽብሽቡን ወደ ላይ ያደርጉታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ከጭሱ ውስጥ እንደ ቅጥራን ያለ ጥቁር ፈሳሽ ቱቦው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሽብሽቡ ወደ ታች ከሆነ ፈሳሹ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ እሳቱ ይበላዋል፤ ወደ ላይ ከሆነ ግን በየመገጣጠሚያው ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። በአግድም የሚሄድ ክፍል ካለ በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ እያለ ይሂድ፤ ስፌቱም ወደ ላይ ይዙር። በየመገጣጠሚያው ሦስት ብሎን በቂ ነው። ቱቦው በሲሚንቶ ከግድግዳ ጋር አይታሰር። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ 1 ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ቢጨምር ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። መንቀሳቀሻ ካጣ የሚጎዳው ስፌቱ ነው።

ቱቦውን ከመትከላችሁ በፊት በሌሊት ፈትኑት። ክፍሉን አጨልሙ፤ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ቱቦው ውስጥ አስገቡና ሁለቱን አፎች በጨርቅ ድፈኑ። ብርሃን በስፌቱ በኩል ካያችሁ፣ ጭስም በዚያው ይወጣል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቱቦ ላለው ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው «ላቀች» የሚባለው ምድጃ፣ ውስጡ ሸክላ፣ ውጩ ላሜራ ሆኖ ከሰል ይቆጥባል፤ ጭስ ማውጫ ግን የለውም። ከሰል ቆጠበ ማለት መርዙን አስቀረ ማለት አይደለምና በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነደድ። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ስለ ጠፋም አትዘናጉ።

ስለ ባለ ሙያዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ባለ ሙያዎችን ደብተር አስይዟል። ዘመቻው ቢያልፍም ሥራው ይቀጥላል። በሱቃችሁ ልጅ ስታሠለጥኑ መቀሱን ብቻ ሳይሆን ማስመሪያውንም ስጡት፤ ልኩን በደብተር ያስፍር። በየሱቁ ግድግዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ «ዙሪያ ሲደመር 45» ባይ ደስታዬ ነው።

ለመልመጃ የሚከተለውን ሥሩ። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ቱቦ ታዟል። ላሜራው እንደ ቅድሙ 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው። አንደኛ፣ የአንዱ ቁራጭ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል? ሁለተኛ፣ ላሜራውን በ2 ሜትሩ በኩል እየከፈላችሁ ባለ 1 ሜትር ቱቦ ብትሠሩ ይበልጣል ወይስ በ1 ሜትሩ በኩል ከፍላችሁ ባለ 2 ሜትር ቱቦ ብትሠሩ? ሁለቱንም አስሉና በሜትር አወዳድሩ። ልዩነት ታገኛላችሁ፤ መልሱን በሚቀጥለው ትምህርት አብረን እናያለን። እስከዚያው በደኅና ቆዩ።